ወርውሪው፣ የሚቀልብ አለ

ጋሽ ዘለቀ ጠዋት “ደህና ነኝ” ብሎ ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ይህን ስናገር ቢሰማኝ እሱ ራሱ ይስቅ ነበር። ጠረጴዛዬን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ፣ “ታዲያ ምን ችግር አለው ሰናይት? ሲጠየቅ ደህና ነበር፣ መልሱ ትክክል ነው። ስህተቱ፣ ኤረሩ፣ የተነሳው ከጥያቄው በኋላ ነው” ይለኝ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የዕድሩ ሰዎች “በማግስቱ መገኘቱም ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱ አለ ሳምንት ተኝቶ የሚከርም” ሲባባሉ ሰምቼ ተናድጄ ወጣሁ። ትልቅ ነገር! አንድ ሙሉ ሌሊት ብቻውን አድሯል እኮ። ጋሽ ዘለቀ ሞትን አይፈራም ነበር። የሚፈራው ሞቶ ሳይታወቅ መቅረትን ነበር፣ ይህንን ደግሞ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የተዋወቅነው ዊንጌት አካባቢ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ባለች ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለመድኃኒት ቤት፣ ለቁጠባ ማኅበር ፕሮግራም እንሠራለን። ከታች ጎማ ሲነፋ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ዘለቀ በዕድሜ ሁላችንንም ያስከነዳ ነበር፤ ኮምፒውተር አንድ ክፍል በሚያህልበት ዘመን መንግሥት መሥሪያ ቤት ጀምሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ “ቤት ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር ከምፋጠጥ” ብሎ የመጣ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ሹራብ ይለብሳል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም። ቁስቋም ዳገቱ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖር ነበር።

የመጀመሪያ ቀን፣ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነውና “እርስዎ” አልኩት።

“አንተ በይኝ” አለ። “እርስዎ ስትዪኝ ብዙ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ብቻዬን ነኝ።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። አሁን ሳስበው፣ ያ ሰውዬ እውነቱን ሁሉ የሚናገረው እየሳቀ ነበር።

ስለ ሥራችን ትንሽ ካልተናገርኩ እሱን መናገር አልችልም። አንድ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ያልታሰበ ነገር ይገጥመዋል፤ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ የሚፈልገው ፋይል ይጠፋል። ያኔ ፕሮግራሙ ችግሩን እንደ ኳስ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ከላይ ያለ ሌላ ክፍል መቅለብ አለበት። የሚቀልብ ከጠፋ ፕሮግራሙ እዚያው ይሞታል። ይህን ኤክሴፕሽን እንለዋለን፤ የሚቀልበውን ክፍል ደግሞ ካች። እንግዲህ እንደኔ ያለ ቸኳይ ሰው ሥራው እንዲያልፍለት ሲፈልግ ባዶ ካች ይጽፋል። ችግሩን ይቀልብና ዝም ይላል። አይናገር፣ አያስተካክል፣ በቃ ይውጠዋል። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ሰላም ነው።

ጋሽ ዘለቀ መጀመሪያ ያየው ኮዴ እንደዚህ ያለ ነበር። የኮምፒውተሬን ጀርባ አንኳኳና እንደ እንግዳ ጮኸ፣ “ቤቶች!”

እኔ ክው አልኩ። ማዶ የተቀመጠው ብርሃኑ፣ ለነገር የማይሰንፍ ነው፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ።

“ቤቶች! አይ፣ ሰው የለም እዚህ። በሩ ተከፍቷል፣ ሰው የለም። ይቺ ካች ቀልባ ምን ታደርጋለች?”

“እ... ማለቴ፣ ምንም። ፕሮግራሙ እንዳይቆም ነው። ተጠቃሚው እንዳይደነግጥ።”

“ይደንግጥ እንጂ! ሰው መደንገጥ ባለበት ሰዓት ካልደነገጠ መቼ ሊደነግጥ ነው?” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ወርውሪው። የሚቀልብ አለ።”

ቢሮው ውስጥ የዚያ ሰው አንድ ሕግ ይህ ሆነ። ባዶ ካች የተገኘበት ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ ያንኳኳል፣ የደበቀው ችግር ምን እንደሆነ ጮክ ብሎ ለሁሉም ይናገራል። ሌላ ቅጣት የለም። ብርሃኑ መጀመሪያ ሲነሳ ተሽኮርምሞ ጆሮው ቀላ፤ በኋላ ግን ለመደና “ቤተ ዘመድ፣ ዛሬም ኔትወርክ ሲቋረጥ ዝም ብያለሁ” እያለ እንደ ሽማግሌ ይናዘዝ ጀመር።

አንድ ጊዜ የሠራነው የመድኃኒት ቤት ፕሮግራም መስመር ሲቋረጥበትም “ተመዝግቧል” ይል እንደነበር ታወቀ። አንዲት እናት የስኳር መድኃኒታቸውን አስይዘው ሄደው፣ በቀጠሮው ሲመለሱ መድኃኒቱ ለሌላ ሰው ተሸጦ ቆያቸው። ጋሽ ዘለቀ ነገሩን ሲሰማ ሹራቡን አስተካክሎ ወጣ፤ መድኃኒቱን ሌላ ቦታ ፈልጎ ገዝቶ ቤታቸው ድረስ አድርሶ ተመለሰ። ኮዱን ማን እንደጻፈው አልጠየቀም። “ፕሮግራሙ አልቻልኩም ቢል ምን ነበረበት” አለ ማታ ከቢሮ ሲወጣ፣ ለራሱ ነው የሚናገረው። “‹አልቻልኩም› ማለት እኮ ነውር አይደለም።”

ብዙ የሚናገረው መብራት ሲሄድ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሲጠፉ ሻያችንን ይዘን በረንዳው ላይ እንወጣለን፣ እሱ ወደ እንጦጦ ዞሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን ብርሃኑ ሆን ብሎ ሊያስለፈልፈው፣ “ጋሼ፣ ከፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎቹ ሁሉ ኤረር አያያዙ የሚሻለው የቱ ነው?” አለው።

“ሰዎች ናቸው እኮ እነሱ” አለ ጋሽ ዘለቀ። “ሲ የሚባለውን ውሰድ፤ የድሮ ዘበኛ ነው። ሌባ ገብቶ ቢያድር ጠዋት አንድ ቁጥር ይሰጥሃል። ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው፣ ሌላ ከሆነ የሆነ ነገር አለ። ቁጥሩን አይተህ ካላነበብክ ግን ተከትሎ አይነግርህም፤ የራስህ ጉዳይ።”

“ጃቫስ?” አልኩ።

“ጃቫማ የኔ አክስት ናት! ከቤት ልትወጪ ስትዪ በር ላይ ታቆምሻለች። ምን ሊገጥምሽ ይችላል? ዝናብ ነው? ቀማኛ ነው? ለእያንዳንዱ ምን እንደምታደርጊ ሳትነግሪኝ አትወጪም ትላለች። ደግ ናት። ግን ሰው ይሰለችና አፏን ለማዘጋት ብቻ እሺ እሺ ብሎ ይወጣል። ባዶ ካች የሚወለደው እዚያ በር ላይ ነው። ፓይተን ደግሞ የሰፈር ጎረምሳ ነው፤ መጀመሪያ አጥሩን ይዘላል፣ ከወደቀ ይቅርታ ይላል።”

“እኔን ነው የምትለው?” አለ ብርሃኑ።

“አንተማ ይቅርታውንም አትልም።”

ሳቅን። ረስት የሚባለውን ቋንቋ ሲያመጣ ፊቱ ኮስተር አለ፤ የታሸገ ሳጥን ነው የሚሰጥሽ አለ፣ ውስጡ መልስ ይሁን ችግር ከፍተሽ ካላየሽ ልትጠቀሚበት አትችዪም፤ ጨካኝ ነው፣ ግን አይዋሽም። ከዚያ ጎ የሚባለው ላይ ደረሰና ተነቃቃ።

“ጎ የኛ አገር ሰው ነው። አይወረውርም። አንድ ነገር ስትጠይቂው መልሱንና ችግሩን ጎን ለጎን አድርጎ ይሰጥሻል። ስለዚህ በየመስመሩ ‹ችግር አለ?› ትያለሽ። አንድ እርምጃ ሄደሽ እንደገና ‹ችግር አለ?›። የኛስ ሰላምታ እንደዚሁ አይደል? እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና...”

“ጥሩ ነዋ ታዲያ!”

“ጥያቄውማ ጥሩ ነው። መልሱን ማን ይሰማል? ልጁ ሆስፒታል የተኛበትም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቱ የፈረሰበትም እግዚአብሔር ይመስገን። የጠየቀውም ሰውዬ ሳይሰማ አልፏል። ሰላምታችን ጎ ነው፣ መልሳችን ባዶ ካች።”

እኔ ትዝ ያሉኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ቀጨኔ ቤታቸውን ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው፣ ሸክላ እየሠሩ ይሸጣሉ። ከገጠር ቤተሰቦቼ ተለይቼ ከመጣሁ ጀምሮ እሳቸው ግቢ ነው የምኖረው። በየጠዋቱ “እንዴት አደርሽ ልጄ?” ይሉኛል፤ እኔ “እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ” ብዬ ቁልቁል ወደ ታክሲው እሮጣለሁ። አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም።

“አንተስ ጋሼ?” አልኩት። “አንተ ስትጠየቅ ምን ትላለህ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ሌላ ምን ልበል!” አለና እሱም ሳቀ። ሻዩን ጨረሰ። መብራት ሊመጣ ሲል ነው የመጨረሻዋን የተናገራት። “ኤርላንግ የሚባል አለ። እሱ ‹የወደቀ ይውደቅ› ይላል። አይጨነቅም። ለምን ብትዪ፣ ከእያንዳንዷ ትንሽ ሥራ በላይ አንድ የሚጠብቅ ቁጭ ብሏል። ሌላ ሥራ የለውም፣ ማየት ብቻ። ስትሞት ወዲያው ያውቃል፤ በቦታዋ ሌላ ያስነሳል።” ብርጭቆውን አየው። “ማስነሳቱ ይቅር። ወዲያው ማወቁ ነው የሚገርመኝ።”

ያኔ ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት የሻምበሉ ነገር የመጣ ጊዜ ነው።

ከጋሽ ዘለቀ ግቢ አጥር ተጋርተው የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሻምበል ነበሩ፤ እሳቸውም ብቻቸውን። ሬዲዮ ይወዳሉ። አንድ ሳምንት ሬዲዮው ቀንም ሌትም ሲያወራ ሰነበተ። ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን እየሰማ “ሻምበል አሉ” እያለ አለፈ። ሻምበል ግን አልነበሩም፤ ሬዲዮው ብቻ ነበር የነበረው። የተገኙት ሽታው ተናግሮባቸው ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ጋሽ ዘለቀ ከቀብር መልስ ቢሮ መጥቶ ሹራቡን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“ሰምቼዋለሁ እኮ ሬዲዮውን” አለ። “ዜናውን አብሬያቸው አዳምጫለሁ፣ በአጥሩ በኩል። ደህና ናቸው ብዬ ተኛሁ።”

“ጋሼ፣ አንተ በምን ልታውቅ ትችላለህ” አልኩት።

“ማንም አላወቀም። እሱ ነው የሚያስፈራው።”

በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ አልሠራም። የሠራት ነገር ትንሽ ናት፤ “ደህና አደርክ” ብለን ጠራናት። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለሁላችንም በስልክ መልእክት ይልካል፣ ለወንዱ “ደህና አደርክ?”፣ ለሴቷ “ደህና አደርሽ?”። ደህና የሆነ ሰው አንድ ቁጥርን ይጫናል። እስከ ሁለት ሰዓት ካልተጫነ ዝም አይባልም፤ ያ ሰው “የሚቀልበኝ እሱ ነው” ብሎ ስሙን ላስመዘገበው ሰው መልእክት ይሄዳል። መልእክቱን ለእያንዳንዳችን በየስማችን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። “ለሁላችንም ይጠቅማል፣ ዘመኑ ክፉ ነው” አለን። ለሁላችንም! ብርሃኑ የእናቱን ስም አስገባ፣ ሌላው የሚስቱን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

በማግስቱ ሁሉም ለምሳ ወጥተው እኔ ቀርቼ ሳለ ጋሽ ዘለቀ መጣና ጠረጴዛዬን አንኳኳ። ኳ ኳ። የዚያን ሹራብ እጅጌ ይጎትታል።

“ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ።”

“ምን ብሎ?”

“የሚቀልብ ሰው ስም ይጠይቃል። ባዶ አይቀበልም።” እጁን ዘረጋ። “ባዶ እንዳይቀበል ያደረግኩት ደግሞ እኔው ነኝ።”

መጀመሪያ ሊያስቀኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ሰውዬው አርባ ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ባዶ እንዳይተው ሲጠብቅ ኖሮ፣ የሚጽፈው ስም አጥቶ ፊቴ ቆሟል። ፕሮግራሙን ሊያታልለው ይችል ነበር፤ አንድ የፈጠራ ስም አስገብቶ ማለፍ ነው። እሱ እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም።

“የኔን ጻፈዋ ጋሼ” አልኩት። “ምን ሆነሃል? ቀጨኔና ቁስቋም እኮ ጎረቤት ነው።”

“ዳገቱ...”

“ኧረ ዳገቱ ይቅር! እኔም ያንተን ነው የምጽፈው። እናቴን ከገጠር ላስሮጣት ነው?”

ቀና ብሎ አየኝ። ጠረጴዛዬን አንዴ ብቻ ነካና ሄደ። እንዲህ ሆነን ቀረን፤ እሱ የኔ፣ እኔ የሱ።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣልኝ በክረምት አንድ ቅዳሜ ነው። “ዘለቀ ዛሬ አልተሰማም። ሄደሽ በሩን አንኳኪ” ይላል። ጫማዬን እንዴት እንዳደረግኩ አላውቅም። በጭቃ ስንሸራተት፣ ሁለቴ በእጄ ስመረኮዝ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ደረስኩ። ገና ከማንኳኳቴ በሩ ተከፈተ። ቆሟል! ደህና ነው! “ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነው መሰለኝ” አለ፤ ሽሮው ተሠርቷል፣ “መቼስ መጥተሻል፣ ግቢ” አለኝ። በልቼ፣ ስለ ድሮ መሥሪያ ቤቱ ሲያወራ ሰምቼ፣ ከሰዓት በኋላ ወረድኩ።

ሁለተኛው በእንቁጣጣሽ መጣ። “አይ፣ ባትሪው ነው” አለ። ዶሮ ወጥ ነበር፣ ጎረቤቱ ወይዘሮ አረጋሽ የላኩለት። ሦስተኛው ደግሞ በፋሲካ ማግስት። ያን ጊዜ በሩን ሲከፍት፣ ከኋላው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰሃን አየሁ። ስልኩ ሰሃኑ አጠገብ ነው፣ በርቷል።

ደሜ ፈላ። “ጋሼ! ቀልድ ነው ይሄ? ልቤ ሊፈነዳ እኮ ነው የመጣሁት! የውሸት ኤረር የምትወረውረው አንተ ነህ? አንተ!”

“ግቢና ተቀመጪ።”

“አልቀመጥም! ይኸው ቆመሃል፣ ትናገራለህ፣ ምን ሆንክ?”

የበሩን መቃን በአንጓው አንኳኳ፣ በቀስታ። “ውሸት አይደለም ሰናይት” አለ። “ጠዋት ስልኩ ደህና አደርክ አለኝ። አሰብኩት። ደህና አላደርኩም ነበር። ታዲያ እንዴት ብዬ አንድን ልጫን?”

“አሞህ ነበር?”

“አላመመኝም። ስም አላገኘሁለትም። ትናንት ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋ ነበር። ዛሬ ውሃ ጥጄ ‹ፈላ› ስል የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልሰማሁትም ነበር ለካ።” መሬት መሬት አየ። “ያንቺን ልብ ማሰብ ነበረብኝ። እሱ እውነት ነው።”

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ “ተይ እንጂ፣ ተይ” ይላል። አገሬው በሙሉ ለሰላምታ “ደህና” ሲል ይውላል፤ ተጠይቆ እውነቱን የመለሰ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። በቃ፣ ያኔ ተስማማን። በየእሁዱና በየበዓሉ ማንም ሳይጠራኝ እመጣለሁ።

“እንግዲያው ከዛሬ በኋላ ዝም ካልኩ የምሬን ነው” አለኝ።

ቃሉን ጠበቀ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እወጣለሁ፤ “ቤቶች!” ስለው ከውስጥ “ደጆች!” ይለኛል። እንበላለን፣ እንከራከራለን፤ አንዳንዴም አጥሩን አልፎ የሚመጣውን ፀሐይ እየሞቅን እንቀመጣለን። መልእክት ዳግመኛ አልመጣም።

እስከዚያ እሁድ። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን ስለብስ ስልኬ ጮኸ። “ዘለቀ ዛሬ አልተሰማም። ሄደሽ በሩን አንኳኪ።” ዳገቱን ስወጣ “የምሬን ነው” ያላት ቃል እየመጣችብኝ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነበር። እመቤቴ፣ ብቸኝነት ይሁን። ባክሽ ሆድ ብሶት ይሁን፣ እንደ በፊቱ ያቺ ስም ያጣላት ነገር ትሁን፣ ይዋሸኝ፣ ልናደድበት። ሰው ሆድ ብሶት ባገኘሁት ብዬ ስጸልይ በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው።

አንኳኳሁ። “ቤቶች!” አልኩ። እንደገና አልኩ። ወይዘሮ አረጋሽ ጩኸቴን ሰምተው ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፣ በሩን ገፉት። ወንበሩ ላይ ነበር፣ ራሱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ፤ ቀዝቅዟል። ለእሁድ የወጡት ሁለት ሰሃኖች ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ቅዳሜ ጠዋት አንድን ተጭኗል። ደህና ነበራ! በሁለት ጥያቄ መሃል ወደቀ፤ ቀኑም፣ ምሽቱም፣ ሌሊቱም አለፈ፤ እኔ ቀጨኔ ልብሴን ሳጥብ፣ ስስቅ፣ ስተኛ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁስቋም ማርያም ተቀበረ። ብርሃኑ አፈር ሲመለስ ሲያይ አልቻለም፤ ግንባሩን ዛፍ ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወይዘሮ አረጋሽ ስልኩን እጄ ላይ አደረጉት። “ዘመድ ቢደውል አንቺ ጋ ይሁን። ሁልጊዜ የሚያወራው ስላንቺ ነው” አሉኝ። ባትሪው ሞቷል። ቤት ስገባ ቻርጅ ላይ ሰካሁትና ከኔ ስልክ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ ስልኮች እኩል ጮኹ። የኔው “ደህና አደርሽ?” ይላል። የሱም “ደህና አደርክ?” ይላል። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ምን ያውቃል፣ ሥራውን ነው የሚሠራው። እጄን ወደ ስልኬ ዘረጋሁ፤ አንድን መጫን ነው፣ በየቀኑ የማደርገው ነው። እምቢ አለኝ። እሱ ያልዋሸውን እኔ ልዋሽ? ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ጎረቤት ውሃ ይቀዳል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ቀኑ ሌላ ቀን ይመስላል።

ሁለት ሰዓት ሆነ። የኔ ስልክ “ዘለቀ ዛሬ አልተሰማም። ሄደሽ በሩን አንኳኪ” አለ።

ወዲያው የሱ ስልክ በራ። ለኔ ብሎ በገዛ እጁ የጻፈውን እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር፤ አንድም ቀን ሳልጫን ቀርቼ አላውቅማ። “ሰናይት ዛሬ አልተሰማችም። ዘለቀ፣ ዳገት ነው አትበል። ሂድና በሯን አንኳኳ።”

ስልኩን ይዤ በሬን አየሁት። የማይመጣ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፣ አላበድኩም። ግን ጠበቅኩ፤ ጆሮዬን ወደ በሩ አድርጌ ኳ ኳ የሚለውን ጠበቅኩ። ውጪ ዶሮ ይጮሃል፣ ሌላ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ነበር ለካ በየጠዋቱ እዚያ ዳገት ላይ ሲሰማ የነበረው።

ከዚያ ተነሳሁ። ነጠላዬን ደርቤ ግቢውን አቋርጬ እትዬ በላይነሽ በር ላይ ቆምኩ። ይህን ያህል ጊዜ ስኖር አንኳክቼው አላውቅም፤ ኪራይ እንኳ ውጪ ሳገኛቸው ነው የምሰጣቸው። በአንጓዬ ሁለቴ መታሁት።

“ቤቶች!”

“ደጆች!” አሉ ከውስጥ። ጭቃ የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ፣ እንደወትሮው ፈገግ ብለው፣ “እንዴት አደርሽ ልጄ?” አሉኝ።

አፌ ከልማዱ “እግዚአብሔር” ብሎ ጀምሮ ነበር። ያዝኩት።

“ደህና አላደርኩም እትዬ” አልኳቸው።